የቤት ግምትና ትንንሽ ጥገናዎች፦ በብድር ለሚገዙና ለሚሸጡ ሁሉ የቀረበ ትምህርት

በካርቱም መሐል፣ ከታላቁ መስጊድ አጠገብ፣ ሱቅ ዐረቢ የሚባል ገበያ አለ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በመተማም ሆነ በከሰላ በኩል ሱዳን የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። ሠርተውበታል፣ ገዝተውበታል፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግራቸውን ወረቀት እየጠበቁ ተመላልሰውበታል። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ ከካርቱም ተነሥተው በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በዳላስና በሲያትል ሰፍረዋል። ገበያው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል። በዚያ ያለፉት ሰዎችና ልጆቻቸው ግን ዛሬ በአሜሪካ ቤት ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ።

ትምህርታችንን ከዚያ ገበያ ልማድ እንጀምር። በሱቅ ዐረቢ ጨርቅ ወይም ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አገላብጦ ያይ፣ ዋጋ ይከራከር፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጥ፣ ዕቃውን ይዞ ይሄድ ነበር። ጉድለት ቢያገኝ ዋጋ ያስቀንስ ነበር። ገዢና ሻጭ ከተስማሙ ግን ግዢውን የሚያስቆም ሌላ ሰው አልነበረም። በብድር በሚፈጸም የቤት ግዢ ውስጥ ግን ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም አበዳሪው ነው። ገዢና ሻጭ ተስማምተው ሳለ አበዳሪው «ይህ ሳይስተካከል ገንዘቤን አልሰጥም» ሊል ይችላል። የተላጠ ቀለም ወይም የማይከፈት መስኮት ግዢን ለሳምንታት የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ጉዳይ ደረጃ በደረጃ እንመልከተው። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ቃላቱን እንወቅ

መያዣ ማለት ተበዳሪው ዕዳውን ባይከፍል አበዳሪው ሸጦ ገንዘቡን እንዲያስመልስበት በሕግ የታሰረ ንብረት ነው። በቤት የተያዘውን ብድር ወገኖቻችን በአሜሪካ «ሞርጌጅ» ይሉታል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት የመያዣ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ውጤት የሚኖረውም በመዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን ይደነግጋል።

ግምት ማለት ቤቱ በዛሬ ገበያ ምን ያህል እንደሚያወጣ በባለሙያ የሚሰጥ ጽሑፋዊ አስተያየት ነው። አስተያየቱን የሚሰጠው ሰው ገማች ይባላል። በአሜሪካ ገማቹ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያለው፣ ከገዢም ከሻጭም ያልወገነ ሰው መሆን አለበት። የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ቢሆንም ሥራውን የሚያዘውና ሪፖርቱን የሚቀበለው አበዳሪው ነው።

ክሎዚንግ ማለት ውሉ የሚፈጸምበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ሰነዶቹ ይፈረማሉ፣ የብድሩ ገንዘብ ይለቀቃል፣ ቁልፉ ከሻጭ ወደ ገዢ ያልፋል። አንደርራይተር የሚባለው ደግሞ በአበዳሪው ዘንድ ተቀምጦ የተበዳሪውንም የቤቱንም ወረቀት መርምሮ «ይፈቀድ» ወይም «ይህ ይሟላ» የሚል ውሳኔ የሚሰጥ ሠራተኛ ነው።

አበዳሪው ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚጠይቀው ቤቱ መያዣው ስለሆነ ነው። በሱዳን ባንኮቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያለ ወለድ እንዲሠሩ ስለታዘዙ ሙራባሓ የሚባለውን ውል በብዛት ይጠቀማሉ፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጥለታል። በአሜሪካው ሞርጌጅ ባንኩ ቤቱን አይገዛም፣ በመያዣነት ብቻ ይይዘዋል። በሁለቱም መንገድ ግን የባንኩ ገንዘብ በንብረቱ ላይ ስላረፈ ባንኩ የንብረቱን ሁኔታ የማወቅ ምክንያት አለው።

እስካሁን ያየነውን እናጠቃልል። በብድር ግዢ ሦስት ወገኖች አሉ። አበዳሪው ቤቱን በገማቹ ዓይን ያያል። ገማቹ የጻፈውን አንደርራይተሩ ያነባል፤ ያለ እርሱ ፈቃድም ክሎዚንግ የለም።

ሁለተኛ፦ ግምትና ፍተሻ አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው ግምትን ከፍተሻ ጋር ያደባልቃል። ፍተሻ፣ በተለምዶ «ኢንስፔክሽን» የሚባለው፣ ገዢው ለራሱ የሚያሠራው ምርመራ ነው። መርማሪው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍቶ ያያል፣ ምድጃውንና ማሞቂያውን ይሞክራል፣ ያገኘውንም ሁሉ ይጽፋል። ሪፖርቱ የገዢው ነው። ገዢው ሊከራከርበት፣ ዋጋ ሊያስቀንስበት ወይም ሊተወው ይችላል።

ግምት ግን ለአበዳሪው የሚሠራ ነው። ገማቹ ሁሉን አይመረምርም። ዋጋውን ይተምናል፣ ቤቱም የብድሩን ዝቅተኛ መመዘኛ ማሟላቱን ያያል። ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። «ገማቹ አልፎታልና ቤቱ ደኅና ነው» ማለት ልክ አይደለም፤ ገማቹ ያላየው ብዙ ነገር አለ። «ገዢው ባለበት ሁኔታ ልግዛው ብሏልና ጥገና አያስፈልግም» ማለትም ልክ አይደለም፤ ገዢው የተወውን አበዳሪው ላይተወው ይችላል። በግዢ ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ገዢንና ሻጭን ያስራል፤ አበዳሪውን አያስረውም።

ሦስተኛ፦ ሦስቱ ጥያቄዎች

መመዘኛው ከብድር ዓይነት ወደ ብድር ዓይነት ይለያያል። ጥብቅ ከሆኑት አንዱ ኤፍ.ኤች.ኤ. የሚባለው ብድር ነው። ኤፍ.ኤች.ኤ. በ1934 የተቋቋመ የአሜሪካ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ነው። ራሱ አያበድርም፤ ተበዳሪው ባይከፍል ለአበዳሪው የሚከፍል ኢንሹራንስ ይሰጣል። የክሬዲት ነጥቡ፣ ማለትም የዕዳ አከፋፈል ታሪኩን የሚያሳየው ቁጥር፣ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ገዢ 3.5 በመቶ ብቻ አስቀድሞ ከፍሎ መግዛት ስለሚችል ብዙ አዲስ ገዢዎች ይመርጡታል።

ኤፍ.ኤች.ኤ. ስለ ቤቱ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው የነዋሪው ደኅንነት ነው፤ ቤቱ የሚኖርበትን ሰው ሕይወትና ጤና አይጎዳም ወይ? ሁለተኛው የመያዣው ዋስትና ነው፤ ንብረቱ ዋጋውን ጠብቆ ብድሩን መሸከም ይችላል ወይ? ሦስተኛው የሕንፃው ጥንካሬ ነው፤ መሠረቱ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው ጸንቶ ይቆማል ወይ? ገማቹ የሚጽፈው ጉድለት ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ሥር ይወድቃል።

የመንግሥት ኢንሹራንስ የሌለው፣ ኮንቬንሽናል የሚባለው ብድር ይህን ያህል ጥብቅ አይደለም። እዚያ ደኅንነትንና ጥንካሬን የማይነኩ ትንንሽ ጉድለቶች ያሉበት ቤት እንዳለ ሊገመት ይችላል። ያም ቢሆን ደኅንነትን ወይም የሕንፃውን ጥንካሬ የሚነካ ከባድ ጉድለት ካለ ሳይጠገን ብድሩ አያልፍም። ስለዚህ በየትኛውም ብድር ሦስቱን ጥያቄዎች ማወቅ ይጠቅማል።

አራተኛ፦ የመልክ ጉድለትና የደኅንነት ጉድለት

የትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። ቤት ለመሸጥ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የሚስበውን ያድሳል። ምንጣፍ ይቀይራል፣ የኩሽናውን ጠረጴዛ ያስለውጣል፣ ሳሎኑን ነጭ ይቀባል። ይህ ለገዢው ዓይን መልካም ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎች ግን አንዱንም አይመልስም።

ኤፍ.ኤች.ኤ. የሚገኝበት የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር በታኅሣሥ 2005 ባወጣው ደብዳቤ ይህን ልዩነት ግልጽ አድርጎታል። ደኅንነትን እስካልነኩ ድረስ በራሳቸው ጥገና የማያስገድዱ ጉድለቶችን ዘርዝሯል፦ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት፣ ያረጀ የወለል ምንጣፍ፣ ያለቀ የኩሽና ጠረጴዛ፣ የተጎዳ የግድግዳ ልስን፣ የጎደለ የደረጃ መደገፊያ። «ደኅንነትን እስካልነኩ ድረስ» የሚለውን ሐረግ አስተውሉ። ሁለት እርከን ባለው ደረጃ ላይ የጎደለ መደገፊያ የመልክ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ወደ ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ወዳለው ወለል፣ በሚወርድ ረጅምና ቀጥ ያለ ደረጃ ላይ ሲጎድል ግን ሰው ይወድቃልና የደኅንነት ጉድለት ነው። ሚዛኑን የሚወስነው የዕቃው ስም ሳይሆን የሚያመጣው አደጋ ነው።

እንግዲህ «ትንሽ ጥገና» ስንል ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በወጪም በአደጋም ትንሽ የሆነ ነው፤ እርሱ ግዢን አያዘገይም። ሌላው በወጪ ትንሽ ሆኖ በአደጋ ትልቅ የሆነ ነው፤ የሚያዘገየው ይህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት እንይ።

አምስተኛ፦ ግዢን የሚያዘገዩ ጉድለቶች

የተላጠ ቀለም። አሜሪካ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበትን የቤት ቀለም በ1978 ከለከለች። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክና በዋሽንግተን ከተማ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ። ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈት አሮጌ የእንጨት መስኮት ቀርባችሁ ተመልከቱ። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨት ከእንጨት ይፋጫል፣ የድሮው ቀለም ይፈገፈጋል፣ ደቃቅ አቧራና ቅርፊት በመስኮቱ ደፍ ላይ ይጠራቀማል። ለመቆም የሚውተረተር ሕፃን የሚጨብጠው ያንን ደፍ ነው፤ ቀጥሎም እጁን ወደ አፉ ያደርሳል። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። በዓይን ታይቶ ስለማይለይም ደንቡ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የተላጠ ቀለም ሁሉ እርሳስ እንዳለበት አድርጎ ይቆጥረዋል። መፍትሔው በላዩ መቀባት አይደለም። የላላው ቀለም በጥንቃቄ ይፋቃል፣ ቅርፊቱ ተጠርጎ ይወገዳል፣ ከዚያ አዲስ ቀለም ይቀባል። ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሥራ በክፍያ የሚሠራ ተቋራጭ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ቀቢ ስትቀጥሩ ወረቀቱን ጠይቁ።

የመኝታ ክፍል መስኮት። እሳት ሲነሣ ከመኝታ ክፍል የሚወጡበት መንገድ ሊኖር ይገባል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው በመስኮት ላይ የተበየደ ፍርግርግ ብረት የጥበቃ ምልክት ነው። ሌባን በመከላከል ረገድ እውነት ነው። ሌሊት እሳት ቢነሣ ግን ያው ብረት ተኝቶ የነበረውን ሰው ቤት ውስጥ ያስቀረዋል። ስለዚህ በኤፍ.ኤች.ኤ. መመዘኛ በመኝታ ክፍል መስኮት ላይ ያለ ብረት ከውስጥ ያለ ችግር የሚለቀቅ መክፈቻ ሊኖረው ግድ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ክፍል ለሚያከራዩ ወገኖች ደግሞ ሌላ ነጥብ አለ። ብዙ አካባቢዎች የሚከተሉት የግንባታ ደንብ የማምለጫ መስኮት ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች፣ ማለትም ከ112 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ከፍ እንዳይል ይላል። መውጫ የሌለውን ክፍል ገማቹ እንደ መኝታ ክፍል አይቆጥረውም። ከመሬት በታች ያለ ወለል ያማረ ቢሆን እንኳ ከዋናው የመኖሪያ ስፋት ጋር አብሮ አይደመርም። «ባለ አምስት መኝታ» ተብሎ የቀረበ ቤት በግምቱ ባለ አራት ሆኖ የሚወጣው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው።

የተቋረጠ መብራት፣ ውኃና ጋዝ። ገማቹ ቧንቧ ይከፍታል፣ ማብሪያ ማጥፊያ ይሞክራል፣ ማሞቂያው መሥራቱን ያያል። ባዶ የቆየ ቤት አገልግሎቱ ከተቋረጠ እነዚህን ማየት አይችልም። ስለዚህ ግምቱን ሲጽፍ «ተመልሼ እስካይ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያኖርበታል። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም። ግዢው የሚዘገየው አገልግሎቱን ለማስቀጠል አስቀድሞ ስልክ ስላልተደወለ ብቻ ነው።

የውኃ ማሞቂያ። ማሞቂያው ሙቀትና ግፊት ሲበዛበት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ሊፈነዳ ይችላል። ከቫልቩ የሚወጣውን ፍል ውኃ ወደ ታች የሚያወርድ ቱቦም ያስፈልገዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ስላለ ማሞቂያው ከግድግዳ ጋር በብረት ማሰሪያ እንዲታሰር የክፍለ ግዛቱ ሕግ ያዝዛል። በሎስ አንጀለስ ቤት የሚሸጡ ወገኖች ማሰሪያውን፣ እንዲሁም የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ (መርዛማ ጋዝ) መጠቆሚያዎቹን ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ቢያዩ ሁለተኛ ጉብኝት ይቀርላቸዋል።

ጣሪያ። ኤፍ.ኤች.ኤ. ጣሪያው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃል። ጥቂት የወለቁ ንጣፎች በቶሎ ይተካሉ። ካልተተኩ ግን ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ በጣሪያው ሥርም ነጠብጣብ ይታያል። ያን ጊዜ ገማቹ «የጣሪያ ባለሙያ ይየው» ብሎ ይጽፋል፤ የባለሙያ ቀጠሮም ጊዜ ይወስዳል።

ስድስተኛ፦ ትንሽ ጥገና ለምን ጊዜ ይበላል?

«ቀለሙ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፣ ለምን ሳምንታት ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ጥገናውን ከሒደቱ በመለየት ይገኛል። ጥገናው አንድ ቀን ነው፤ ሒደቱ ግን ብዙ እርከን አለው።

ገማቹ ግምቱን በሁለት መንገድ ሊጽፍ ይችላል፦ ቤቱ እንዳለ፣ ወይም ጥገናው ከተሠራ በኋላ እንደሚሆነው። ሁለተኛውን ሲጽፍ ሪፖርቱ ወደ አበዳሪው ይሄዳል፣ አንደርራይተሩም ጥገናውን የብድሩ ቅድመ ሁኔታ ያደርገዋል። ቀጥሎ ገዢና ሻጭ ማን እንደሚከፍል ይነጋገራሉ። ከዚያ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ ሥራው ይሠራል። ገማቹ እንደገና ተጠርቶ፣ እንደገና ተከፍሎት ይመጣል፣ ጥገናው መፈጸሙን 1004ዲ በሚባለው ቅጽ ያረጋግጣል። ቅጹ ወደ አንደርራይተሩ ይመለሳል። ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ደግሞ ገዢው የመጨረሻውን የወጪ ዝርዝር ከክሎዚንጉ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ ሊደርሰው ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። ገዢው ወለዱ እንዳይጨምርበት መጠኑን ለ30፣ ለ45 ወይም ለ60 ቀን አስወስኖት ሊሆን ይችላል። ቀኑ ካለፈ ማራዘሚያ ይከፍላል፣ ወይም የገበያውን አዲስ ወለድ ይቀበላል። ሻጩም በዚያው ገንዘብ ሌላ ቤት ሊገዛ ቀጠሮ ይዞ ከሆነ መዘግየቱ ወደዚያ ቤት ይሻገራል። ስለዚህ የጥገና ክብደት የሚለካው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ጉብኝት ማስከተሉ ወይም አለማስከተሉም ይቆጠራል።

ሰባተኛ፦ ምን እናድርግ?

ሻጭ ከሆናችሁ ቤቱን ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። የተሠራበትን ዓመት እወቁ፤ ከ1978 በፊት ከሆነ ከመስኮትና ከበር ቀለም ጀምሩ። መስኮት ሁሉ ይከፈት፣ ቧንቧ ሁሉ ይፍሰስ፣ መብራት ሁሉ ይብራ። ገማቹ የሚሄድበትን መንገድ ጥረጉ፤ ወደ ጣሪያ ሥር የሚያስገባው መውጫና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በዕቃ አይሸፈኑ። ቤቱ ባዶ ከሆነ መብራትና ውኃው እስከ ክሎዚንግ አይቋረጥ።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት የምትወስዱት ብድር የትኛው እንደሆነ እወቁ። ኤፍ.ኤች.ኤ. ከሆነ ቤቱን በመጀመሪያ ስትጎበኙ የተላጠ ቀለምንና የቤዝመንት መስኮትን ተመልከቱ። ገማቹ የሚጠይቀውን ጥገና ማን እንደሚሠራው ከደላላችሁ (ከሪልተራችሁ) ጋር ሆናችሁ አስቀድማችሁ በውሉ ላይ አስጽፉ። የራሳችሁንም ፍተሻ አትተዉ።

ጥገናው ከክሎዚንግ በፊት ሊሠራ የማይቻልበት ጊዜም አለ። በዋሽንግተን ክረምት ቅዝቃዜው ከበረታ የውጭ ቀለም አይደርቅም። ያን ጊዜ አበዳሪው ከፈቀደ የጥገናው ገንዘብ በአደራ ሒሳብ ተቀምጦ ክሎዚንጉ ይፈጸማል፣ ሥራው አየሩ ሲሞቅ ይሠራል። ጥገናው ከበዛ ደግሞ ኤፍ.ኤች.ኤ. 203ኬ የሚባል፣ የግዢውንና የጥገናውን ገንዘብ አንድ ላይ የሚሰጥ ብድር አለው። የዚህ አነስተኛው ዓይነት ከኅዳር 2024 ጀምሮ እስከ 75,000 ዶላር የሚደርስ ጥገና ይሸፍናል።

በአዲስ አበባ ቤታችሁን አስይዛችሁ የምትበደሩም ከዚህ ትምህርት ድርሻ አላችሁ። የባንኩ መሐንዲስ ለግምት ሲመጣ በመሬት ላይ የቆመውን ቤት ከካርታውና ከፕላኑ ጋር ያስተያያል። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ሰርቪስ ቤት ወይም ከወሰን የወጣ አጥር የመልክ ጉድለት አይደለም። መያዣውን ስለሚነካ የዋስትና ጉድለት ነው። በአሜሪካ ቀለሙ ገማቹ ከመምጣቱ በፊት እንደሚስተካከል፣ እናንተም ወረቀቱን መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት አስተካክሉ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሦስት ነገሮች ተምረናል። በብድር ግዢ አበዳሪው ሦስተኛ ወገን ስለሆነ የሁለቱ ስምምነት ብቻ አይበቃም። ገማቹ የሚጠይቀው ስለ ደኅንነት፣ ስለ ዋስትናና ስለ ጥንካሬ ነው፤ ስለ ጌጥ አይደለም። ትንሽ ጥገናም የሚያዘገየው ሁለተኛ ጉብኝት ሲያስከትል ነው። ይህን የተረዳ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመዘኛው የአበዳሪውን ገንዘብ ብቻ የሚጠብቅ እንዳልሆነ አስተውሉ፤ የሚከፈተው መስኮትና የተፋቀው ቀለም በዚያ ቤት የሚያድገውን ልጅም ይጠብቃሉ። ስለዚህ የማትሸጡትንና የማታስይዙትንም ቤት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መርምሩ፤ የጎደለውንም ማንም ሳይጠይቃችሁ አስተካክሉ።